መብራት ሲመጣ ፊልተሩ ለምን አይነሳም? የትልቅ አኳሪየም ችግርና መፍትሄ

ሀዋሳ ተቀምጦ ዓሳ ቤት ውስጥ ማርባት ለብዙ ሰው ቀልድ ነው። አሞራ ገደል ወርዶ ትኩስ ጥብስ መብላት እያለ መስታወት ላይ አፍጥጦ ማምሸት ምን ይሉታል? ጎረቤቴ ዛሬም ጎልድፊሾቹን ባየች ቁጥር «እነዚህ መቼ ነው የሚጠበሱት?» ትለኛለች።

የኔ አኳሪየም ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 45፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስቱን አባዝታችሁ ለ1,000 ስታካፍሉት 270 ሊትር ይመጣል። ጠጠሩና ከላይ ያልሞላው ሲቀነስ 230 ገደማ ይቀራል። እስካሁን ሦስት ጊዜ ከኋላ የሚንጠለጠል ፊልተር፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ተሰቅሎ ውሃውን በቱቦ እየመጠጠ በስፖንጅ አጣርቶ የሚመልስ ሳጥን፣ ገዝቻለሁ። ሁለቱን ጊዜ ጥፋቱ የፊልተሩ ሳይሆን የኔ የገዢው ነበር።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያጉረመርማል፣ ውሃ ግን አያወርድም

ከሁሉም የባሰው ይሄ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ሳይደጋገም አይቀርም። ፊልተሩ ሲቆም በመምጠጫው ቱቦ ውስጥ የነበረው ውሃ ተመልሶ ወደ አኳሪየሙ ይወርዳል። ሞተሩ ከኋላ ሳጥኑ ላይ ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ አየር ይዞ በባዶው ይሽከረከራል። ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ ይግላል፣ ይፈገፈጋል። ጠዋት ስትነሱ ዓሳዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ለጊዜው ሶኬቱን ንቀሉ፣ ሳጥኑን በጆግ ውሃ ሙሉና መልሳችሁ ሰኩት። የአኳሪየሙም ውሃ ከጠርዙ ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ አይጉደል። ዝቅ ባለ ቁጥር መነሳት ይከብደዋል።

የዘለቄታው መፍትሄ ያለው ግን ሱቅ ውስጥ ነው። ከዋጋው በፊት «ሞተሩ የት ነው?» በሉ። ሞተሩ በመምጠጫው ቱቦ ጫፍ፣ ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ከሆነ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ከሻጩ ጋር የምትከራከሩት በቀለሙና በመጠኑ ሳይሆን በዚህ ይሁን።

መብራቱ ለሰዓታት ጠፍቶ ከቆየ ሌላ ጣጣ አለ። ስፖንጁ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናቸው የዓሳውን ቆሻሻ፣ አሞኒያውን፣ ብዙም ወደማይጎዳ ነገር የሚቀይሩት። ለዚህ ኦክሲጅን ይፈልጋሉ። በቆመ ሳጥን ውስጥ ኦክሲጅኑ ያልቅባቸዋል፣ ውሃውም ይሸታል። ስለዚህ ስፖንጁን አውጥታችሁ አኳሪየሙ ውስጥ አንሳፉት። መብራት ሲመጣ መጀመሪያ የሳጥኑን ውሃ ድፉ፣ ከዚያ አስነሱት። እስከዚያው በጆግ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱ፤ አየር ይገባለታል። ልጆች ካሉ ሥራው የነሱ ነው፣ ይወዱታል።

ፊልተሩ ይሠራል፣ አንዱ ጥግ ግን ሁሌም ቆሻሻ ነው

ካርቶኑ ላይ «በሰዓት ይህን ያህል ሊትር» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ስፖንጅ ሳይገባበት ነው። እኔ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ጎኑን ቀድጄ፣ 2 ሊትር የሚደርስበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ከሚወርደው ውሃ ሥር ያዝኩት። በ16 ሰከንድ ሞላ። በሰዓት 450 ሊትር ማለት ነው። ካርቶኑ የሚለው 800 ነበር! ስፖንጁ ትንሽ ቆሽሾ ነበር፣ እሱም አለበት። ግን ሁሌ ንጹሕ ስፖንጅ ያለው ማን ነው?

የተለመደው አሠራር በሰዓት ከ4 እስከ 6 እጥፍ ውሃ እንዲዞር ነው። ለኔ 230 ሊትር በ5 እጥፍ 1,150 ይሆናል። ጎልድፊሽ ብዙ ስለሚያቆሽሽ ከዚህም ከፍ ማድረግ ይሻላል። ታዲያ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት መካከለኛ ገዝታችሁ በግራና በቀኝ ስቀሉ። በረጅም አኳሪየም አንድ ፊልተር ሌላኛው ጫፍ ድረስ አይደርስም። አንዱ ቢበላሽ ደግሞ ሌላው አለ።

ካጠባችሁት በኋላ ውሃው ነጥቶ ደፈረሰ

ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ፣ ምናልባትም በሳሙና አጥባችኋል። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ገደላቸው። ከአኳሪየሙ በባልዲ ውሃ ቅዱና እዚያው ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ በቃ። ቡናማ ሆኖ ቢቀር አይደንግጣችሁ፤ ያ ቡናማ ነገር ነው ሥራውን የሚሠራው። ሁለት ፊልተር ካላችሁ አንድ ቀን ሁለቱንም አትንኩ። ውሃው ከነጣ ለጥቂት ቀን ምግብ ቀንሱ፣ በየቀኑም ጥቂት ጥቂት ውሃ ቀይሩ።

ገና እንደተሰካ ጋለ፣ የተቃጠለ ሸተተ

ይሄ የአሜሪካ ዘመድ ስጦታ ነው። የመጀመሪያው ፊልተሬ እንዲህ ነው የሄደው፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። እዚያ 110 አካባቢ፣ እዚህ 220 ቮልት ነው። በትራንስፎርመር ብታወርዱትም ሞተሩ ለ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ለሚመላለስበት ቁጥር) የተሠራ ነው፤ በኛ 50 ኸርዝ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። የሞተሩን ጀርባ አንብቡ።

ጠርዙ ላይ አይቀመጥም

እዚሁ መስታወት ቤት የተሠራ ትልቅ አኳሪየም መስታወቱ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከላይም ማጠናከሪያ ይለጠፍበታል። የፊልተሩ መንጠቆ ለቀጭን መስታወት የተሠራ ከሆነ አይገባም፣ ወይም ያዘነብላል። ያዘነበለ ሳጥን ስፖንጁ በተደፈነ ቀን ወለል ላይ ያፈሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ጠርዙን ለኩ። አኳሪየሙን ገና የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ባለሙያው ከኋላ ማጠናከሪያው ላይ ክፍተት እንዲተውላችሁ ንገሩት። ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ አትርሱ። ማጠናከሪያውን ለመቁረጥ ግን እንዳታስቡ፤ መስታወቱ እንዳይገፋ ይዞ ያለው እሱ ነው።

ይንኳኳል፣ ይንጫጫል

አንድ የአሸዋ ቅንጣት ይበቃዋል። ንቀሉት፣ ሞተሩ ውስጥ የምትሽከረከረዋን ክንፍ አውጡና ጉድጓዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ፏፏ ማለቱ ብቻ ከሆነ ውሃ ጨምሩ።

ትንንሾቹ ዓሳዎች ጠፉ

ድመቷን አትጠርጥሩ። ጋፒ የምትባለው ትንሽ ዓሳ ወልዳ ከሆነ ጫጩቶቹን ቱቦው መጥጧቸዋል። አፉ ላይ የስቶኪንግ ቁራጭ ወይም ስፖንጅ እሰሩበት፤ ቶሎ ስለሚደፈን በየሁለት ሦስት ቀኑ አጽዱት። እኔ ይሄን ያወቅኩት የፊልተሩን ሳጥን ላጥብ ስከፍት ነው። አራት ጋፒዎች እዚያ ውስጥ አድገው ይዋኙ ነበር።