ለፈተናና ለቤት ሥራ የሚነበብ ፎንት እንዴት ይመረጣል?

አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «ጀመረ» የሚለውን «ደመረ» ብሎ ቢያነብ ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። ሁለቱን ፊደላት የምትለያቸው አናት ላይ ያለች አጭር ሰረዝ ናት፤ ፎቶ ኮፒው እሷን ከበላት ጥያቄው ተለወጠ ማለት ነው። በመንዝ ወይም በአንኮበር ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ፣ መብራት በሌለበት ክፍል፣ ይህ ለልጅ ቀላል ፈተና አይደለም።

መጀመሪያ ፎንቱ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚለዩበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) መሆኑን ያረጋግጡ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች ደብረ ብርሃን ላይ የተተየበ ፈተና፣ ፎንቱ በሌለበት የመሐል ሜዳ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ ይገኛሉ፤ ኢብሪማ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። እኔ ለፈተና ኖቶ ሳንስን አስቀድማለሁ፤ የመስመሮቹ ውፍረት ተቀራራቢ ስለሆነ ሲባዛ ቶሎ አይሳሳም።

ቀጥሎ ይፈትኑት። «ደመረ ጀመረ፣ ሰማ ሸማ፣ ቢ ቤ፣ ቲ ቴ» ብለው ይተይቡና ያትሙ፤ የታተመውን ፎቶ ኮፒ ያስነሱ፤ ኮፒውን ደግሞ እንደገና ያስነሱ። አሁን ወረቀቱን ክንድዎን ዘርግተው ያንብቡ። የ«ቤ» ቀለበት በቀለም ተሞልቶ «ቢ» ከመሰለ ፎንቱ ወይም መጠኑ አይሆንም። ይህን ሙከራ ማንም መምህር ባይዘለው ደስ ይለኛል፤ የሚፈጀው ሦስት ወረቀት ብቻ ነው።

መጠኑን ለታችኛው ክፍል ከ16 እስከ 18፣ ለከፍተኛ ክፍልና ለዩኒቨርሲቲ 12 ያድርጉ፤ የመስመር ርቀቱ 1.5 ይሁን። ደማቁን ጽሑፍ ለርእስ ብቻ ይተዉት፤ ቀለበቶቹን የሚደፍናቸው እሱ ነው። ፊደሉን አያጋድሙት።

የቤት ሥራ ኮምፒውተር ቤት የምታስተይቡ ተማሪዎች «በዩኒኮድ ይተየብልኝ» በሉ። በፍላሽ ስትወስዱም ከዎርዱ ፋይል ጋር ፒዲኤፉን ጨምሩ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ የሚታተምበት ኮምፒውተር ቢለያይም መልኩ አይለወጥም። መምህራንም የዋናውን ቅጂ ንጹሕ ወረቀት ለብቻ አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ፈተና ከእሱ ይባዛ እንጂ ከደበዘዘ ኮፒ አይባዛ።