በቤት ብድር ላይ ተጨማሪ ክፍያ እንዴት ይፈጸማል?

የረጅም ጊዜ የቤት ብድር ያለበት ሰው ከወርኃዊ ክፍያው በላይ ገንዘብ ሲተርፈው ወደ ብድር ሒሳቡ ማስገባቱ መልካም ቢሆንም፣ ጥቅሙን የሚወስነው ገንዘቡ የተመዘገበበት ቦታ ነው። ከዋናው ብድር ላይ፣ ማለትም ወለድ ሳይጨምር ከተበደሩት ገንዘብ ገና ካልተከፈለው ላይ ከተቀነሰ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወለድ የሚታሰብበት ዕዳ ያንሳል። የሚቀጥለው ወር ክፍያ አስቀድሞ እንደተከፈለ ተቆጥሮ ከተያዘ ግን ተበዳሪው የሚያገኘው የአንድ ወር እፎይታ ብቻ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት የክፍያ ሰንጠረዡን የመጀመሪያ መስመሮች ማየት ይበቃል። በዓመት 12 በመቶ ወለድ የሚታሰብበትና በ20 ዓመት ተከፍሎ የሚያልቅ የ1,000,000 ብድር እንውሰድ፤ የገንዘቡ ዓይነት ማንኛውም ቢሆን ስሌቱ አይለወጥም። ወርኃዊ ክፍያው ወደ 11,011 ይሆናል፤ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 10,000ው ወለድ ስለሆነ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 1,011 ብቻ ነው። ተበዳሪው ዓመቱን ሙሉ ሳያጓድል ከ132,000 በላይ ከፍሎ ዕዳው የሚቀንስለት ከ13,000 ባነሰ መጠን ነው፤ የመጀመሪያውን ዓመት የሒሳብ መግለጫ የሚያይ ሰው ባንኩ የተሳሳተ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይኸው ተበዳሪ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ 1,000 ቢጨምር ብድሩ በ15 ዓመት ያልቃል፤ ከወለድም 485,000 ያህል ይድናል። ያው 1,000 በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቢከፈል የሚያድነው ወለድ እጅግ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ አብዛኛው ወለድ ተከፍሎ አልቋል።

ገንዘቡን ከማስገባትዎ በፊት የብድር ውሉን ያንብቡ። በመጀመሪያ ሊረጋገጥ የሚገባው ወለዱ የሚታሰበው በየጊዜው እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ዕዳ ላይ መሆኑ ነው፤ ወለዱ መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ገንዘብ ላይ አንድ ጊዜ ተሰልቶ የተከፋፈለ ከሆነ፣ ውሉ ራሱ ቅናሽ ካልፈቀደ በስተቀር ተጨማሪ ክፍያ የሚያተርፈው ነገር የለም። ከዚያ ቀጥሎ ከጊዜው በፊት መክፈል ቅጣት ያስከትል እንደሆነ ይመልከቱ። አንዳንድ ውሎች በዓመት እስከተወሰነ መጠን ድረስ ያለ ቅጣት ይፈቅዳሉ፣ ሌሎች ቅጣቱን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ ያስከፍላሉ። ቅጣት ካለ፣ ከሚድነው ወለድ ጋር አነጻጽሮ መወሰን ነው።

ክፍያው ሲፈጸም ትእዛዙ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ በቃል የተነገረ ነገር ሒሳብ መዝጋቢው ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። «ዛሬ ያስገባሁት ተጨማሪ ገንዘብ በሙሉ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስልኝ፣ ወርኃዊ ክፍያዬም ባለበት ሆኖ የብድሩ ዘመን እንዲያጥርልኝ አመለክታለሁ» የሚል አጭር ማመልከቻ ይበቃል፤ ገቢ የተደረገበትን ደረሰኝና የማመልከቻውን ቅጂ ይያዙ። ውዝፍ ወይም ያልተከፈለ ቅጣት ካለብዎ ገንዘቡ አስቀድሞ ወደዚያ ሊሄድ ስለሚችል፣ መደበኛው ክፍያ በተጠናቀቀበት ዕለት ማስገባቱ ይሻላል። በሚቀጥለው ወር መግለጫው ላይ የወለዱን መስመር ያረጋግጡ። በምሳሌያችን ወለዱ በወር 1 በመቶ ስለሆነ፣ 100,000 ተጨማሪ የከፈለ ሰው የሚቀጥለው ወር ወለድ፣ ያለ ጭማሪው ይታሰብበት ከነበረው በ1,000 ማነስ አለበት። ካላነሰ ገንዘቡ ከዋናው ብድር ላይ አልተቀነሰም ማለት ነውና ሳይውል ሳያድር እንዲታረም ይጠይቁ።

ማመልከቻው ውስጥ የብድሩ ዘመን እንዲያጥር መጠየቁ በከንቱ አይደለም። ጠቀም ያለ ገንዘብ ሲገባ ባንኩ ዘመኑን እንዳለ ትቶ ወርኃዊ ክፍያውን ሊቀንስ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ያው ተበዳሪ ከአንድ ዓመት በኋላ 100,000 በአንድ ጊዜ ቢያስገባና ወርኃዊ ክፍያው ባይለወጥ፣ ብድሩ ከአምስት ዓመት በላይ ቀድሞ ያልቃል፤ ከወለድም 597,000 ያህል ያድናል። ክፍያው ዝቅ ብሎ ዘመኑ ባለበት ከቀጠለ ግን ወርኃዊው ወደ 9,900 ወርዶ የሚድነው ወለድ 154,000 ገደማ ብቻ ይሆናል። ገቢው ለተቀነሰበት ቤተሰብ ሁለተኛው ምርጫ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ገቢው ለረጋ ሰው ግን የመጀመሪያውን እንዲመርጥ እመክራለሁ።

ይሁንና ሁሉም ሰው ሊቸኩል አይገባም። ወደ ቤቱ ብድር የገባ ገንዘብ በችግር ቀን በቀላሉ ተመልሶ አይወጣም፤ ስለዚህ ቢያንስ ለጥቂት ወራት ወጪ የሚበቃ መጠባበቂያ ሳይኖር ተጨማሪ መክፈል ለአደጋ ያጋልጣል። ከቤቱ ብድር የከፋ ወለድ ያለው ሌላ ዕዳም ካለ መጀመሪያ እሱ መከፈል አለበት። የቤቱ ወለድ ቋሚና ዝቅተኛ ሆኖ፣ ቁጠባ ከግብር በኋላ ከዚያ የበለጠ የሚያስገኝ ከሆነም ገንዘቡን ማስቀመጡ ያዋጣል። ወለዱ ተለዋዋጭ የሆነበት ሰው ግን ዋናውን ብድር አስቀድሞ መቀነሱ የወለድ ጭማሪ ሲመጣ ጫናውን ያቀልለታል።

ትልቅ ገንዘብ ለማይተርፈው ሰው ወርኃዊውን ክፍያ ወደ ላይ አጠጋግቶ በቋሚ ትእዛዝ ማስከፈል ቀላሉ መንገድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የወሩን ግማሽ መክፈልም በዓመት 26 ግማሽ ክፍያዎች፣ ማለትም 13 ሙሉ ክፍያዎች ስለሚሆን ያለ ብዙ ጫና የአንድ ወር ክፍያ ይጨምራል፤ ነገር ግን ባንኩ ይህን አከፋፈል መቀበሉን አስቀድመው ይጠይቁ፣ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ካለም ጭማሪውን በራስዎ መክፈል ይቀላል።

የመጨረሻው ክፍያ ሲቃረብ በመግለጫው ላይ በሚታየው ቀሪ ዕዳ ብቻ አይመሩ፤ እስከ መዝጊያው ቀን የሚታሰበው ወለድ ስለሚጨመር፣ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋውን መጠን ከነቀኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከፍለው እንደጨረሱም ከዕዳ ነፃ መሆንዎን የሚገልጸውን ደብዳቤ ይቀበሉ፣ በቤቱ ላይ የተመዘገበው መያዣም ከመዝገብ መሰረዙን ራስዎ ያረጋግጡ።