የወጥ ቤት ዕቃ ስትገዙ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ከስስ ድስት እስከ ምጣድ መስመር

ዕቃ ተራ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ክዳኑን ነው። መስታወቱን ያያል፣ እጀታውን ይነካካል፣ ጎኑ ላይ ፊቱን አይቶ ይደሰታል። ወጥ የሚሠራው ግን በስሩ ነው። ድስቱን ገልብጦ ስሩን የሚያይ ገዢ እምብዛም ስለማይገኝ ከዚያው እንጀምር፤ እዚህ ላይ ድምፃችን ትንሽ ከፍ ቢል አይፈረድብንም።

ስስ ድስት መግዛት

የእኛ ወጥ ድስትን ይፈትናል፤ ምክንያቱም ሽንኩርቱ መጀመሪያ የሚቁላላው ያለ ዘይት፣ በደረቁ ነው። ለዶሮ ወጥ 2 ኪሎ ሽንኩርት ደቆ ተከትፎ ሲገባ መጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፣ በራሱ ውኃም ይበስላል። እስከዚህ ድረስ የትኛውም ድስት ይችለዋል። ጉዱ የሚጀምረው ውኃው ሲመጥ ነው። ከዚያ በኋላ በሽንኩርቱና በብረቱ መካከል ምንም የለም፤ በሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ስኳር ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል። ስሩ ስስ የሆነ ድስት ሙቀቱን ወደ ዳር አያዳርስም፤ የሚግለው እሳቱ የነካው ቦታ ብቻ ነው። የጋዝ ምድጃ ነበልባል ክብ ስለሆነ ቃጠሎውም ክብ ሆኖ ይወጣል። መሃሉ ገና ነው፣ ዳሩም ገና ነው፣ በሁለቱ መካከል ግን ልክ የምድጃውን ቀለበት የመሰለ ጥቁር መስመር አለ።

የሚከተለውን ሁሉም ያውቀዋል። ሽንኩርቱ መያዝ ሲጀምር ውኃ ጠብ ይደረግበታል፣ እንደገና ሲይዝ እንደገና ጠብ ይደረግበታል፣ በመጨረሻ ቁሌት የተባለው ነገር ቅቅል ሽንኩርት ይሆናል። ከዚያ በርበሬው ይገባል። በርበሬ ደቃቅ ነው፤ በጋለ ስስ ብረት ላይ ለማረር ደቂቃ እንኳን አይፈጅበትም። ወጡ ይመርራል። ጥፋቱም በበርበሬው ይላከካል፤ «የዘንድሮው በርበሬ አልተሳካም» ይባላል፣ ያዘጋጀችውም ሴት ትታማለች። ድስቱ ግን በሽቦ ተፈግፍጎ ለሚቀጥለው በዓል ይቀመጣል። ኧረ በርበሬውን ተዉት፣ ድስቱን ቀይሩ!

ቂጡ ወፍራም ድስት እንዴት ይታወቃል? ገልብጡትና ስሩን መሃል ላይ በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ከተርገበገበ መልሱት። በጣት አንጓ ኳ ኳ አድርጉት፤ ስሱ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ ወፍራሙ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። በእጃችሁም መዝኑት፤ 6 ሊትር የሚይዝ ድስት ክዳኑ ሳይቆጠር ከኪሎ ተኩል በታች ከሆነ ተጠራጠሩ። አልሙኒየም ከሆነ ስሩ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይሁን። ስቴይንለስ ከሆነ ደግሞ ከስሩ ጠርዝ ላይ ሌላ ብረት እንደተለጠፈበት የሚያሳይ መስመር ፈልጉ፤ ያ ንብርብር 5 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ውስጡ አልሙኒየም አለው። ንብርብር የሌለው ስስ ስቴይንለስ ከሁሉም የከፋ ነው። አልሙኒየም ሙቀትን ከስቴይንለስ በ15 እጥፍ ያህል የተሻለ ያስተላልፋልና ብልጭልጩ ድስት ብቻውን ሙቀት ማዳረስ አይችልም።

ቤት ውስጥ የምትጠራጠሩት ድስት ካላችሁ አንድ ማንኪያ ዱቄት ስሩ ላይ በስሱ ነስንሱና በመካከለኛ እሳት ጣዱት። ዱቄቱ ከየት ጀምሮ እንደሚጠቁር በዓይናችሁ ታያላችሁ። እኩል ከቀላ ድስቱ ደኅና ነው፤ ቀለበት ከሠራ ለሻይ ውኃ ማፍያ አድርጉት።

ስለ መጠኑም፦ 2 ኪሎ የተከተፈ ሽንኩርት 3 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ዶሮው፣ እንቁላሉና መረቁ ሲጨመሩ ከ6 እስከ 7 ሊትር የሚይዝ ድስት ያስፈልጋል። በ4 ሊትር ድስት ውስጥ ማማሰያውን ማዞር አይቻልም፤ ካልተማሰለ ደግሞ ያው ያራል።

በካርቶን የሚሸጠው ባለ 12 ፍሬ የሚባለው የድስት ስብስብ ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ 6 ድስትና 6 ክዳን ነው። በዚያ ገንዘብ አንድ ወፍራም ትልቅ ድስት፣ አንድ ባለ 2 ሊትር የሽሮ ድስትና አንድ መጥበሻ ግዙ።

ከቁርጥራጭ የተቀለጠ አልሙኒየም ወፍራም ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የቀለጠው ከመኪና ክፍል ይሁን ከአሮጌ ዕቃ ስለማይታወቅ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ ለሕፃናት አእምሮ መርዝ ነው። ቲማቲም፣ ሎሚና እርሾ ያለበት ነገር እርሳሱን ከብረቱ ውስጥ ይበልጥ ያወጣልና በእንዲህ ያለ ድስት ባታበስሉ ይሻላል፤ ምግብ ደግሞ ፈጽሞ አታሳድሩበት።

ምጣዱን ገዝቶ መስመሩን መርሳት

የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር አካባቢ ሲሆን ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህን በ220 ቮልት አካፍሉት፤ 16 አምፔር ይመጣል። ዲቫይደሩን (የሶኬት ማባዣውን) አገላብጣችሁ ብታዩት ደግሞ «10 ኤ» የሚል ጽሑፍ ታገኙ ይሆናል። 10 አምፔር ማለት 2,200 ዋት ነው። በዚህ ላይ ምጣድ ሲሰካ መጀመሪያ ሶኬቱ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ከዚያ ይቀልጣል። አንድ ጋገራ ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል አትርሱ፤ ሽቦው ለአፍታ የሚችለውን ለሰዓት አይችለውም። እዚያው ላይ ፍሪጅ የሚሰኩም አሉ፤ ምን ይባላል?

ምጣድ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፦ ከብሬከሩ በቀጥታ የመጣ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦ (ኧርዝ)። ኧርዙ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ነው፣ የሚጋግረው ሰው እጅ በሊጥ የራሰ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ተላቅቆ ቆርቆሮውን ከነካ ኤሌክትሪኩ ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ የሚዘጋው ኧርዙ ነው። ስትገዙ ገመዱ ሦስት ክር እንዳለውና ሦስተኛው በእርግጥ ከቆርቆሮው ጋር መታሰሩን ጠይቁ፤ ሻጩ ከፍቶ ያሳያችሁ።

ሸክላውን በተመለከተ፦ በጣት አንኳኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካወጣ ደኅና ነው፣ ድፍን ከሆነ የማይታይ ስንጥቅ አለበት። የማሞቂያው ሽቦ የሚቀመጥበት ቦይ እኩል ካልተራራቀ እንጀራው በአንድ በኩል ዓይን ያወጣል፣ በሌላው በኩል ልሙጥ ይሆናል። ሊጡን ከማቅጠንና ከማወፈር በፊት እዚህም የዱቄቱን ፈተና ሞክሩ።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ አይፈስበትም። ተቆልቶ የተፈጨ ጎመን ዘር በሞቀው ምጣድ ላይ በማሰሻ ደጋግሞ ማሸት ነው፤ ሸክላው ዘይቱን ጠጥቶ ጥቁርና ለስላሳ እስኪሆን ድረስ። በአንድ ቀን ካልሆነ በሁለተኛው ቀን ይቀጥላል። የሞቀ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈሰሰ ሰው ሌላ ምጣድ ለመግዛት ይዘጋጅ።

ምጣድ ይዞ አሜሪካ መሄድ የሚያስብ ሰው ካለ፣ እዚያ የግድግዳው ሶኬት 120 ቮልት ነው። ባለ 220 ቮልት ምጣድ እዚያ ሲሰካ ኃይሉ ወደ 1,000 ዋት ይወርዳል፤ ሊጡ ይደርቃል እንጂ አይበስልም። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ጁስ መፍጫ አዲስ አበባ ሲሰካ የሚደርሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ባለ 120 ቮልት ሞተር በ220 ሲበራ አንዴ በኃይል ያጓራና ይሸታል። ያ ሽታ የተቃጠለ ጥቅል ሽቦ ነው፤ ጠጋኝ ጋር ከመውሰዳችሁ በፊት የጥገናውን ዋጋ ከአዲሱ ጋር አነጻጽሩ። ከዱባይ የመጣ ዕቃ በቮልት አያስቸግርም፤ ችግሩ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያው ነው። ለትንሽ ዕቃ አዳፕተር ይበቃል፤ ከ2,000 ዋት በላይ ለሆነ ግን መሰኪያውን በባለሙያ አስቀይሩ።

ፕሬሸር ኩከርን በመመሪያው ደቂቃ መለካት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽንብራና ባቄላ በክፍት ድስት አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው፤ ፕሬሸር ኩከርም እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ ይበልጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው ማብሰያ እዚህ 116 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቆማል። ስለዚህ መመሪያው 20 ደቂቃ ካለ 24 ስጡት። ውኃውን ጨምሮ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አትሙሉ፤ ምስርና ባቄላ ሲሆን ደግሞ ከግማሽ በላይ አይሁን፤ አረፋቸው የእንፋሎት ማውጫዋን ይደፍናል። የጎማው መለዋወጫ በቅርብ የማይገኝለትን ዓይነት አትግዙ፤ ጎማው ሲደርቅ ሙሉው ዕቃ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ቴፍሎን ለሁሉም ነገር

ለእንቁላል ይገዛ፣ ለቁሌት አይሁን። የቴፍሎን ሽፋን ከ260 ዲግሪ በላይ መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶ መጥበሻ በትልቅ እሳት ላይ እዚያ ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በብረት ማንኪያ የተጫረና መላጥ የጀመረ ከሆነ የጡረታ ጊዜው ደርሷል።

የመስታወት መክተፊያ

የቢላዋን ስለት ይገድላል። ይኸው ነው። ከእንጨት የተሠራ ወፍራም መክተፊያ ግዙ፤ ሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ አይንሸራተትም። ለቢላዋው 18 ወይም 20 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ጥሩ ከነሞረዱ ይበቃል፤ የደነዘዘ ቢላዋ በጉልበት ስለሚጫኑት ጣት የሚቆርጠው እሱ ነው። ክትፎ የሚበላ ቤት ግን አንድ መክተፊያ አይበቃውም። ጥሬ ዶሮ የተቆረጠበት ላይ ጥሬ የሚበላ ሥጋ መክተፍ በሽታን በእጅ መጋበዝ ነው፤ ሁለቱን በቀለም ወይም በቅርጽ ለዩ።

ሽንኩርትን በጁስ መፍጫ መፍጨት

ጊዜ የቆጠበ ይመስላል። ሽንኩርቱ ግን ፈሳሽ ይሆናል፣ ውኃውን ለማምጠጥ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል፣ ጣዕሙም ይመርራል። እጅ ለደከመው ሰው በገመድ የሚሳበው ትንሹ መክተፊያ ይሻላል፤ ርካሽ ነው፣ መብራትም አይፈልግም። ደረቅ ቅመም ለመፍጨት ትንሹን የቡና መፍጫ ለብቻው ያዙት፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሳታሠሩት እያሳረፋችሁ ተጠቀሙ።

የቀለም ባልዲ ለሊጥ

አይሆንም፣ ምንም ያህል ቢታጠብ። ሊጥ ሲቦካ አሲድ ይሆናል፤ ከፕላስቲኩ ውስጥ ያለውን ይስባል። ለምግብ ተብሎ የተሠራ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ሥሩ ላይ የብርጭቆና የሹካ ምልክት አለው። መጠኑን ስትመርጡ ሊጡ ሲነሳ እንዳይፈስ ሲሶው ባዶ እንዲቀር አስቡ።

ለቀሩት አጭር ቃል ይበቃል። ማማሰያ ከ40 ሴንቲሜትር አይነስ፣ ጫፉም ጠፍጣፋ ይሁን፤ ክብ ጫፍ የድስቱን ጥግ አይደርስም። የፕላስቲክ እጀታ ያለው ድስት የጋዝ ነበልባል ጎኑን ከላሰው እጀታው ይቀልጣል። ሰፌድ ስትገዙ በመዳፋችሁ ዳብሱት፤ የወጣ ስንጥር ካለው እንጀራውን ይቀደዋል። የእንጨት ሙቀጫ ሽታ ስለሚይዝ የቡናውና የነጭ ሽንኩርቱ ለየብቻ ይሁኑ፤ ቡና ውስጥ የገባ የነጭ ሽንኩርት ሽታ በሦስት ማጠቢያም አይለቅም።