በይግባኝ ደረጃ አዲስ ክርክር ማንሳት መቼ ይቻላል? እንዴትስ ይቀርባል?

በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የተረታ ተከራካሪ የይግባኝ ማመልከቻውን ማዘጋጀት ሲጀምር፣ በሥር ፍርድ ቤት ሳያነሳው የቀረ ጠንካራ ክርክር ብዙ ጊዜ ትዝ ይለዋል። ሆኖም የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 329(1) በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳን ነገር በይግባኝ ማንሳትን ስለሚከለክል፣ አስቀድሞ ሊጣራ የሚገባው ክርክሩ የቆመበት ፍሬ ነገር (ማለትም ሆነ ወይም ተደረገ የተባለው ድርጊት) በመዝገቡ ውስጥ መኖር አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ውሳኔውን ብቻ ሳይሆን የክሱን፣ የመከላከያ መልሱንና የምስክሮችን ቃል ግልባጭ አውጥተው በጥንቃቄ ያንብቡ። ለምሳሌ ብር 150,000 ብድር እንዲመልስ የተከሰሰ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ብቻ ተከራክሮ ከተረታ፣ በይግባኝ «ክሱ በይርጋ ታግዷል» (ሕጉ ክስ ለማቅረብ የወሰነው ጊዜ አልፏል) ቢል ተቀባይነት አያገኝም። ይርጋ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 ከተዘረዘሩት፣ ወደ ዋናው ክርክር ከመገባቱ በፊት ከሚነሱት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች አንዱ በመሆኑ በወቅቱ ያላነሳው ተከራካሪ እንደተወው ይቆጠራል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1856(2)ም ዳኞች ይርጋን በራሳቸው አነሳሽነት እንዳያነሱ ይከለክላል። በአንጻሩ ይኸው ተከሳሽ የክፍያ ደረሰኝ አቅርቦ ሳለ የሥር ፍርድ ቤቱ ለደረሰኙ አግባብ ያለውን ድንጋጌ ሳይመለከት ቢያልፈው፣ ድንጋጌውን ለመጀመሪያ ጊዜ በይግባኝ መጥቀስ በእኔ እምነት የተከለከለው አዲስ ነገር አይደለም፤ ፍሬ ነገሩ ቀድሞ ተነስቷል፣ ለተረጋገጠ ፍሬ ነገር ተገቢውን ሕግ መፈለግ ደግሞ የዳኞች ተግባር ነው።

የሥረ ነገር ሥልጣን፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለማየት በሕግ የተሰጠው ሥልጣን፣ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ሊጸና ስለማይችል፣ ይህ መቃወሚያ ዘግይቶም ቢሆን ሊቀርብ ይችላል።

አዲስ ማስረጃን በተመለከተ ቁጥር 345 በሩን የሚከፍተው በጠባቡ ነው፤ የሥር ፍርድ ቤቱ ሊቀበለው ይገባ የነበረውን ማስረጃ ሳይቀበል ሲቀር፣ ወይም የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ራሱ ፍርድ ለመስጠት ወይም ለሌላ በቂ ምክንያት ማስረጃው ያስፈልገኛል ሲል ነው። ምስክርዎ እንዳይሰማ ተከልክሎ ከነበረ፣ ጥያቄዎና የተሰጠው ትእዛዝ የሰፈሩበትን የችሎት ቀን በማመልከቻዎ ይግለጹ።

ማመልከቻውን ሲጽፉ «ይህን ፍሬ ነገር በመከላከያ መልሴ ተራ ቁጥር 3 ላይ አንስቼዋለሁ» በማለት ቦታውን ለይተው ያመልክቱ። መልስ ሰጪው (ይግባኙ የቀረበበት ወገን) ቁጥር 329ን ጠቅሶ እንደሚቃወም አስቀድመው በመገመት፣ አዲስ የሆነው የሕግ ክርክሩ እንጂ ፍሬ ነገሩ አለመሆኑን በዚያው የማመልከቻዎ አንቀጽ ያስረዱ። መልስ ሰጪ ከሆኑ ደግሞ አዲስ ነገር መነሳቱን በጽሑፍ መልስዎ ላይ ወዲያውኑ ይቃወሙ፤ ዝም ብለው ወደ ፍሬ ጉዳዩ መግባት አደገኛ ነው።

የይግባኝ ማቅረቢያው ጊዜ በመርህ ደረጃ ከፍርዱ ጀምሮ 60 ቀን ስለሆነ፣ የመዝገቡን ግልባጭ ፍርዱ በተነበበበት ሳምንት ይጠይቁ።