ሠራተኛዎን «ሰነፍ ነው» ከማለትዎ በፊት፦ አለቆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው ማስተዳደር የጀመረ ሰው ቶሎ የሚለምደው ነገር መፈረጅ ነው። እከሌ ሰነፍ፣ እከሊት ነገረኛ፣ ያኛው ታታሪ። ስሙ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንም ተመልሶ አያጣራውም። ብዙ ጊዜ ግን «ጠባዩ ነው» ያልነውን ነገር የፈጠረው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ዞረው ዞረው እዚሁ ላይ ይገናኛሉ።

ጠባዩን ወቅሶ ሁኔታውን መርሳት

ሌላው ሰው ሲያረፍድ ግዴለሽ ነው። እኛ ስናረፍድ መንገዱ ተዘግቶ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚህ ዝንባሌ ስም አውጥቶለት ጽፎበታል። የሰውን ድርጊት ስንመዝን ጠባይን እናገዝፋለን፣ ያለበትን ሁኔታ እናሳንሳለን።

አንድ የግዢ ሠራተኛ የ3 ቀን ሥራ 3 ሳምንት ይፈጅበታል እንበል። ቢሮው ሁሉ የሚያውቀው በቀርፋፋነቱ ነው። እስቲ ወረቀቱን ይከተሉት። የክፍል ኃላፊ ይፈርማል። ፋይናንስ በጀት መኖሩን ያረጋግጣል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ከዚያ ኮሚቴ ይቀመጣል፤ ከኮሚቴው አንዱ ደግሞ መስክ ወጥቷል። በዚያ ላይ ይህ ሠራተኛ አምና አንድ ፊርማ ዘሎ ኦዲት ይዞታል፣ ከደሞዙም ተቆርጧል። ከዚያ ወዲህ ማኅተም ሳያይ ንቅንቅ አይልም። ምን ያድርግ? እሱን አዛውረው ሌላ ቢያመጡ፣ አዲሱም ሰው ስድስት ወር ሳይሞላው «ቀርፋፋ» መባሉ አይቀርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከእሱ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረውስ?» የሚለው ይሁን። ሦስት ሰው ተፈራርቆ ሦስቱም በአንድ ነገር ከተወቀሱ፣ የሚመረመረው ወንበሩ ነው።

ዝምታን እንደ ስምምነት መቁጠር

«ጥያቄ ያለው?» ጭጭ። «እንግዲያው ተስማምተናል» ይባልና ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። እውነተኛው ስብሰባ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ደረጃው ላይና ማኪያቶ ቤት ውስጥ።

የዚህ ስህተት ዋጋ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1986 ማታ፣ የሮኬቱን ክፍል የሠራው የሞርተን ታያኮል ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የማሸጊያ ጎማዎቹን ስለሚያደነድን በማግስቱ መወንጨፍ የለበትም ብለው በስልክ ስብሰባ ተከራከሩ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች ተጫኗቸው። የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው መክረው ውሳኔውን ገለበጡት። መጨረሻ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው እንዳለ ሲጠየቅ፣ መስመሩ ላይ ካሉት የተናገረ አልነበረም። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ የተሳፈሩት ሰባቱም ሰዎች አለቁ። መሐንዲሶቹ ሐሳባቸውን አልቀየሩም ነበር። መናገር ዋጋ እንደሌለው ግን አይተውታል።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና፣ በደንብ የሚመሩትና የሚግባቡት ቡድኖች የበለጠ የመድኃኒት ስህተት ተመዝግቦባቸው አገኘች። ከሌሎቹ የበለጠ ስለተሳሳቱ አይመስልም። ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው። እንግዲህ «እኛ ዘንድ ችግር የለም» የሚል ሪፖርት ሲመጣልዎ ቶሎ ደስ አይበልዎ።

እኛ አገር ደግሞ ግምገማ ላይ የተናገረው ነገር ቆይቶ የተመዘዘበት ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ «በነጻነት ተናገሩ» ስለተባለ ብቻ አፉን አይከፍትም። የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው። አለቃው መጨረሻ ላይ ይናገር። ከጀማሪው ሠራተኛ ጀምሮ ተራ በተራ «ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ በየት በኩል ይከሽፋል?» ብሎ ይጠይቅ። በመጀመሪያ የተቃወመውን ሰው እንዴት እንደሚያስተናግደው ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ሌላው ሁሉ የሚያየው ያንን ነው።

ቅጣት ሁልጊዜ ያርማል ብሎ ማሰብ

ሐይፋ፣ እስራኤል ውስጥ ባሉ መዋያዎች ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እያረፈዱ አስቸገሩ። ኡሪ ግኒዚ እና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ10 መዋያዎች ላይ ጥናት አደረጉ፤ በስድስቱ ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ ለዘገየ ወላጅ የ10 ሰቅል ቅጣት ተጣለ። ማርፈዱ ቀረ? ጭራሽ ወደ እጥፍ ተጠጋ። ድሮ ወላጁ መምህሯን ማስጠበቅ ያሳፍረው ነበር። አሁን ከፈለ፣ አለቀ። ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ሐፍረቱ አልተመለሰም።

ቢሮ ውስጥ የአሻራ ማሽን ከገባ በኋላ የሆነውን ልብ ይበሉ። 2፡30 ላይ ሁሉም አሻራ ይነካል። 2፡35 ላይ ግማሹ ለቡና ወጥቷል። ሰዓቱ ተከብሯል፤ ሥራውን ግን ማን ያውቃል።

የሚቆጠረውን ብቻ መሸለም

ይህ የቀደመው ወንድም ነው። ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ሠራተኞቹን በከፈቱት የሂሳብ ብዛት በታርጌት ያስጨንቃቸው ነበር። እነሱም ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ይከፍቱ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ወደ 5,300 ሠራተኞችም መባረራቸው ተገለጸ። ይህ ሁሉ ሕዝብ በአጋጣሚ አጭበርባሪ ሆኖ አልተቀጠረም።

ሰውን ከጓደኞቹ ነጥሎ ማየት

ቺካጎ አጠገብ በነበረው የሃውቶርን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1931 እና 1932 አሥራ አራት ሠራተኞች ለብቻ ክፍል ውስጥ ሆነው ተጠንተዋል። ብዙ ያመረተ ቡድን ብዙ ይከፈለዋል። ሠራተኞቹ ግን የቀን ልክ በመሃላቸው ቆርጠው ከዚያ በላይ አይሠሩም። አንዱ ከፈጠነ ጓደኛው ጠጋ ብሎ ክንዱን በቡጢ ይነርተዋል። ምርት ከጨመረ አለቆች የክፍያውን ተመን ይቀንሳሉ፣ ወይም ሰው ያባርራሉ የሚል ፍርሃት ነበራቸው። ዘመኑ የሥራ አጥነት ዘመን ስለነበረ እኔ አልፈርድባቸውም።

አዲስ የገባው ልጅ በሁለት ወሩ ከቀዘቀዘ፣ ምሳ የሚበላው ከማን ጋር እንደሆነ ይዩ። ምናልባት አንዱ «አንተ ብቻህን ትሾማለህ እንዴ?» ብሎት ይሆናል።

ስለ ገንዘብ አጭር ነገር ልበል። ገንዘብ ብቻውን ሰው አያተጋም የሚለው እውነት አለው። የቤት ኪራይ ላልሞላለት ሠራተኛ በደሞዝ ፋንታ የማነቃቂያ ሥልጠና መስጠት ግን ነውር ነው።

ሰውን በመሰናበቻው ቀን መጠየቅ

የሰው ኃይል ክፍሉ (ኤችአር) ለሚለቀው ሠራተኛ «ለምን ለቀቅክ?» የሚል ቅጽ ይሰጠዋል። ሰውየው ክሊራንሱ ገና አላለቀም፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤውም ሳይፈረም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ምን ይጽፋል? «የተሻለ ዕድል አግኝቼ።» ሁሉም ይህንኑ ይጽፋል፣ መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛ የሚለቀው በደሞዝ ብቻ ነው ብሎ ይደመድማል። ደብዳቤውን በጊዜ ይስጡት። ከሦስት ወር በኋላ የቅርብ አለቃው ያልሆነ ሰው ደውሎ ይጠይቀው። ያልለቀቁትንም፣ ሌላ ቦታ ሲቪ ሳያስገቡ በፊት፣ «ሥራህን ምን እያከበደብህ ነው?» ብለው ይጠይቋቸው።