ሐረር ጅብ ለማየት ለምትሄዱ

ከድሬ ለሽርሽር ሐረር የምትወጡ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጅቡን ፍለጋ በቀን አትንከራተቱ። የታሰረ ጅብ የለም፤ በራሱ ጊዜ ሲጨልም ነው የሚመጣው። ቀኑን ጀጎልን ዙሩበት። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በግንብ የታጠረ ጥንታዊ ከተማ ነው። ግንቡ ግርጌ ላይ ጅብ የሚሹለክባቸውን ቀዳዳዎች ፈልጉ፣ ልጆች ይወዱታል። ከዚያ ቡናችሁን ጠጥታችሁ፣ ማታ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ መጋቢው ጅቦቹን ሥጋ ወደሚያበላበት ቦታ ሂዱ።

ባጃጁን እንዳታሰናብቱት። የደርሶ መልሱንም የመጠበቂያውንም ዋጋ ሳትነሱ ቁረጡ። እኔ አንዴ ሞኝ ሆኜ ሸኝቼው ዳገቱን በጨለማ በእግሬ ወጥቻለሁ።

ልብስ ላይ ደግሞ አደራ! መጋቢው ሥጋውን ከጀርባችሁ በላይ ከፍ ሲያደርገው ጅቡ የፊት እግሮቹን ትከሻችሁ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። አቧራውም የሥጋው ውሃም አብሮ ይመጣል። ነጭ ሸሚዝ ለሌላ ቀን ይቆይ። ራሳችሁ ልታበሉ ካማራችሁ ሥጋው አጭር እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ዝም በሉ፤ መንጭቆ ይሄዳል፣ በቃ። እኔን ያስደነገጠኝ ጥርሱ ሳይሆን ጆሮዬ ሥር የመጣው ትንፋሹ ነው።

የስልኩን ፍላሽ አጥፉ፣ የባጃጁ መብራት ይበቃል። ልጅ ከያዛችሁ እጁን አትልቀቁ፣ እንዳይሮጥ። ለመጋቢው ዝርዝር ብር ያዙ፣ መልስ የለውም።