የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ፦ ሰሌዳው፣ ማንካውና መዶሻው

የትምህርት ቤት ወይም የጤና ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ ሲቀመጥ አብዛኛው ሐሳብና ገንዘብ ድንኳኑና ድምፅ ማጉያው ላይ ያልቃል። ማንካው፣ ማለትም የግንበኛው ሲሚንቶ መዘርጊያ፣ የሚታሰበው በዋዜማው ማታ ነው።

ጽሑፍ ከሚቀረጽበት ሰሌዳ እንጀምር። 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እምነ በረድ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በሞርታር (በሲሚንቶና በአሸዋ ቡኮ) ብቻ ግንብ ላይ መለጠፍ አያስተማምንም። አራቱን ማዕዘን ከጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ብሱና በማይዝግ ብሎን እሰሩት። ተራ ብረት ከሆነ፣ ክረምት ሲመጣ ዝገቱ ነጩን ድንጋይ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቢፈትጉትም በቀላሉ አይለቅም። በብሎን የታሰረ ሰሌዳ ሕንፃው ሲያልቅ ተፈትቶ መግቢያው ላይ ሊተከል ይችላል። ሰሌዳው የሚያርፍበትን ግንብ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ሠርታችሁ ውሃ አጠጡት፤ ቦታውንም ቀያሹን ሳትጠይቁ አትምረጡ። የቁፋሮ መስመር ላይ ከዋለ ስካቫተር የገባ ዕለት ይፈርሳል፤ ይህ ደግሞ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ጽሑፉ ከመቀረጹ በፊት በወረቀት ታትሞ ሁለት ሰው ያንብበው። «ዓ.ም.» መዘለል የለበትም። የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ ያቺ ምሕጻረ ቃል ብትጎድል የውጭ አገር እንግዳ 8 ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ያነበዋል።

አዲስ ማንካ የፋብሪካ ቅባት ስላለው ሞርታሩን ያንሸራትተዋል። በሳሙና እጠቡት፣ በእርጥብ አሸዋ ፈትጉት፣ ሊሠራበት ሲል ውሃ አስነኩት። ሞርታሩ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ይሁን፤ ግማሽ ባልዲ ይበቃል። የሚቦካው የመጨረሻው ንግግር ሲጀመር ነው። ጧት ተቦክቶ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቃል፤ ያኔ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ጥንካሬውን ይገድለዋል። ልኩን ለማወቅ ማንካው ላይ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት፤ ቅርጹን ይዞ ከተቀመጠ ደርሷል።

የሚቀመጠው ጥርብ ድንጋይ 20 በ20 በ15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል፤ ለእንግዳ አታሸክሙት። እንግዳው ሞርታሩን ይዘርጋ፣ ግንበኛው በውሃ የረጠበውን ድንጋይ ያሳርፍ፣ እንግዳው ደግሞ በጎማ መዶሻ ቀስ ብሎ ይምታው። የብረት መዶሻ ጠርዙን ይሸርፋል። ከዚያ ውሃ ልኩ ይቀመጥበት፤ አረፋው መሐል እስኪገባ ድረስ ድንጋዩ ይስተካከል። ፎቶ ስለተነሣ ብቻ ተጣሞ እንዲቀር አትፍቀዱ፤ የተቀመጠው የመሠረት ድንጋይ ነውና።

ሰሌዳውን የሚሸፍነውን መጋረጃ ንፋስ እንዳይገልጠው የታችኛው ጠርዙ እጥፋት ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ስፉበት፤ ገመዱንም በዕለቱ ጧት ሦስቴ ስባችሁ ሞክሩት። ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ ማስታጠቢያና ፎጣ የያዘ ሰው እንግዳው አጠገብ ይቁም። ማንካውም ሞርታሩ ሳይደርቅበት እዚያው ይታጠብ፤ ስም ተቀርጾበት ለመታሰቢያ የሚቀመጥ ከሆነ ደርቆ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅለል።